ወንድሜ በስልኩ እየተማረ ነው ወይስ ጊዜውን እየገደለ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«የምሠራው ጅዳ ነው። ታናሽ ወንድሜ አሰላ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ናቹራል። ለትምህርቱ ይጠቅመዋል ብዬ አምና ደህና ስልክ ገዝቼ ላክሁለት። በየወሩ የዳታም እልካለሁ። እሱ ‹በቴሌግራምና በዩቲዩብ ነው የማጠናው፤ ያልገባኝን ኤአይ (እንደ ቻትጂፒቲ ያለውን) እጠይቃለሁ› ይለኛል። እናታችን ደግሞ ‹ቀን ከሌት ስልኩ ላይ ተተክሎ ነው የሚውለው፤ ደብተር ሲገልጥ አይቼው አላውቅም› ትላለች። ውጤቱ አልወረደም፤ ከፍም አላለም። እንዲህ ሆኖ በእውነት ይማራል? ስልኩን ላስነጥቀው? አሁን ደግሞ ላፕቶፕ ግዢልኝ ብሎኛል። ልግዛለት ወይ?»

እህቴ፣ ስልኩን አታስነጥቂው። ላፕቶፑንም ለጊዜው አቆዪው። ምክንያቴን ልንገርሽ፤ ትንሽ ይረዝማል።

እናታችሁ እውነታቸውን ነው። ወንድምሽም ላይዋሽ ይችላል። ስልክ ላይ ያቀረቀረ ልጅ እየተማረ ይሁን እየተዝናና ከውጭ አይቶ መለየት አይቻልም። እንዲያውም ራሱ ልጁም በቅጡ አይለየውም፤ ወደ ታች ይህን ያሳየ ጥናት እነግርሻለሁ። ስለዚህ በቀን ስንት ሰዓት ስልኩን ይዞ ዋለ የሚለውን ክርክር ለጊዜው ተዉት። መታየት ያለበት ስልኩን አስቀምጦ በወረቀትና በእስክሪብቶ ምን መሥራት እንደሚችል ነው።

የእኔ ሥራ መምህራን ለኦንላይን የሚሆን ትምህርት እንዲያዘጋጁ ማሠልጠን ነው። በእነዚህ መሣሪያዎች አምናለሁ፤ ባላምን ሥራውን አልሠራውም ነበር። የሚሰጡትንና የማይሰጡትን ለይተሽ እንድታውቂ ግን እፈልጋለሁ። በየወሩ ከላብሽ እየቀነስሽ የምትልኪው ገንዘብ ነው።

ከፕላዝማ ልጀምር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ፕላዝማን አይረሳም። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይተላለፋል። ስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ ጥያቄ ያቀርብና ጥቂት ጠብቆ መልሱን ራሱ ይናገራል። ገባችሁ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ማስቆም የለ፣ ወደ ኋላ መመለስ የለ። የክፍሉ መምህር መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ትንሽ ደቂቃ ያገኛል፤ በመሃል እሱም ከተማሪው ጋር ቁጭ ብሎ ያያል። መብራት ከጠፋ የዚያን ቀን ትምህርትም አብሮ ጠፋ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። በቂ መምህር ለሌለው ትምህርት ቤት ፊዚክስና ሒሳብ ለማድረስ ነበር። ግን ተማሪው ትምህርቱን በራሱ ፍጥነት መያዝ አልቻለም። አንዴ ካመለጠው አመለጠው።

ወንድምሽ እጅ ያለው ስልክ ይህን ጉድለት ሞልቶታል። ቪዲዮውን ያቆማል፣ ይመልሳል፣ አሥር ጊዜ ይደግማል። ማንም አይታዘበውም።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። ሳልማን ካን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2004 ናዲያ የምትባል ዘመዱን ከሌላ ከተማ ሆኖ ሒሳብ ያስጠናት ጀመር። ሌሎች ዘመዶቹም ተጨመሩ። በ2006 ማብራሪያዎቹን ዩቲዩብ ላይ መጫን ሲጀምር ልጆቹ ምን አሉት? በአካል ከምታስረዳን ቪዲዮህ ይሻለናል። ካን ራሱ ደጋግሞ የተናገረው ነው። ቪዲዮውን አቁሞ መድገም አያሳፍርም፤ ‹ይህን ባለፈው ሳምንት ነግሬሽ አልነበር?› የሚል ሰው የለም። ያ ሥራ ነው አድጎ ካን አካዳሚ የሚባለው ነፃ የኦንላይን ትምህርት ቤት የሆነው። ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ ‹አልገባኝም› ለማለት ለሚያፍር ልጅ፣ እኛ አገር ደግሞ እንዲህ ያለው ብዙ ነው፣ ትልቅ እፎይታ ነው።

ሌላም አለ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው። አንድ ልጅ የኬሚስትሪ ጥያቄ ሲሳሳት ኬሚስትሪው ይክበደው ወይስ እንግሊዝኛው፣ መምህሩም አንዳንዴ አያውቅም። ዛሬ ያንኑ ምዕራፍ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ እያፍታቱ የሚያስረዱ ጎበዝ መምህራን ዩቲዩብና ቴሌግራም ላይ አሉ። አሰላ ያለ ልጅ አዲስ አበባ ያለን ምርጥ የፊዚክስ መምህር በነፃ ይሰማል። እኛ በተማርንበት ጊዜ ይህ የሀብታም ልጅ ዕድል እንኳ አልነበረም። ስልኩን አታስነጥቂው ያልኩሽ ለዚህ ነው።

እንግዲህ ማብራሪያ ማግኘት እንዲህ ከቀለለ ለምን ሁሉም ልጅ ጎበዝ አልሆነም?

እ.ኤ.አ. በ2011 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መምህራን አንድ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኮርስ ለዓለም ሁሉ በነፃ ከፈቱ። ከ160 ሺህ ሰው በላይ ተመዘገበ። እስከ መጨረሻው የዘለቁት ግን ከ20 ሺህ ብዙም አልበለጡም። በቀጣዩ ዓመት ኮርሴራና ኤዴክስ የተባሉ የኦንላይን ኮርስ መድረኮች ተከተሉ። ያኔ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ነገር ሊያበቃለት ነው ተብሎ ብዙ ተጽፏል። በኋላ ሲታይ እንዲህ ባሉ ክፍት ኮርሶች ከተመዘገበው ሰው የሚጨርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 10 እንኳ አይሞላም። ትምህርቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። በነፃ የተከፈተ ነገር ነገም እዚያው አለ። የሚጠብቅህ ሰው የለም፣ ብትቀር የሚጠይቅህ የለም፣ ስትሳሳት የሚያርምህ የለም።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ፣ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ፣ ስልክ በሌለበት መሰጠት ጀመረ። በዚያ ዓመት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 ከመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ከመቶ። ይህን ውጤት ቴሌግራም አመጣው አላልኩም። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ከመምህራን ኑሮ እስከ ጦርነትና ኮቪድ ድረስ ይሄዳል። ልብ እንድትዪልኝ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በእነዚሁ ዓመታት የፒዲኤፍ፣ የሾርት ኖት፣ የወርክሺትና የሞዴል ፈተና እጥረት አልነበረም። ቻናሉ ሁሉ ሞልቶ ይፈስ ነበር። የትምህርት ቁሳቁስ ሞልቶም ልጁ ላይማር ይችላል።

እና ቴሌግራሙ ላይ ወንድምሽ ምን እያደረገ ነው? ይህን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቴሌግራም የኢትዮጵያ ተማሪ ዋና ትምህርት ቤት የሆነው እንዲሁ አይደለም። ኔትወርክ ሲደክም እንኳ እንደ ምንም ይሠራል። እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ይላክበታል፤ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ሲወርድለት አይታወቅም። በኮቪድ ጊዜ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብዙ የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ወርክሺት የላኩት በዚሁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተማሪው እጅ አልወጣም።

ግን ቻናልና ግሩፕ አንድ አይደሉም። ቻናል ላይ አንዱ ይለጥፋል፣ ሌላው ያያል። ግሩፕ ላይ መጠየቅ፣ መመለስ፣ መከራከር ይቻላል። ወንድምሽን ‹ስንት ቻናል ጆይን አድርገሃል?› ብለሽ ጠይቂው። በርካታ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ‹ባለፈው ሳምንት ግሩፕ ላይ ምን ጠየቅህ? የማንን ጥያቄ መለስህ?› በዪው። እዚህ ጋ ዝም ካለ እያየ እንጂ እየሠራ አይደለም።

ብዙ ጎበዝ ልጆች የሚወድቁበት ሌላ ወጥመድ ማከማቸት ነው። ጥሩ ፒዲኤፍ ሲያዩ ‹ሴቭ› ያደርጋሉ። ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች ሲለጠፉ ለራሳቸው ፎርዋርድ ያደርጋሉ። ስልኩ ይሞላል፤ ልባቸውም የተማሩ ያህል ይረጋጋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ልጁ ሦስት ጥሩ ምንጭ ይበቃዋል፦ የክፍሉ መጽሐፍ፣ በደንብ የሚገባው አንድ መምህር፣ የሚጠይቅበት አንድ ግሩፕ። ሌላውን ሁሉ ይውጣ ወይም ድምፁን ያጥፋ።

የሚጠቅም ነገርም አለው። ቴሌግራም ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኩዊዝ አሠራር አለው፤ ጥያቄ ይመጣል፣ ትመርጫለሽ፣ ትክክል መሆን አለመሆንሽን ወዲያው ይነግርሻል። ይህን እወደዋለሁ። ምክንያቱም ሰው የሚማረው ከአእምሮው ፈልቅቆ ሲያወጣ ነው። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስነበቡ። ግማሹ ደጋግሞ አነበበ። ግማሹ መጽሐፉን ዘግቶ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ዘግተው የጻፉት በግልጽ በለጡ። የእኛ አገር ልጅ ማጥናት ሲባል ደጋግሞ ማንበብ ነው የሚመስለው። አሁን ደግሞ ደጋግሞ ቪዲዮ ማየት ሆኗል። ኩዊዙ፣ ሞዴል ፈተናው፣ ባዶ ወረቀት ላይ መጻፉ ይሻለዋል።

የኩዊዙ ድካም ምርጫ መሆኑ ነው። ከአራቱ አንዱን በግምት ይነካና ያልፋል። እንግዲህ ወንድምሽ አንድ ልማድ ይያዝ፦ ‹ሲ ነው› ካለ ለምን ‹ቢ› እንዳልሆነ በአንድ መስመር ደብተሩ ላይ ይጻፍ። መጻፍ ካልቻለ መልሱን አላወቀውም፤ አግኝቶታል እንጂ።

አሁን ቃል ወደ ገባሁልሽ ጥናት። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ነው፤ የተሠራው ሃርቫርድ ውስጥ የፊዚክስ ጀማሪዎች ላይ ነው። አንዱ ቡድን በጣም ጥሩ፣ የተዋጣለት ሌክቸር ሰማ። ሌላው ቡድን ያንኑ ትምህርት ራሱ እየሠራ፣ እየተሳሳተ፣ እየታረመ ተማረ። ከዚያ ተፈተኑ። እየሠሩ የተማሩት የተሻለ አመጡ። ‹ምን ያህል የተማራችሁ ይመስላችኋል?› ሲባሉ ግን ብዙ ተምረናል ያሉት ሌክቸር የሰሙት ናቸው። ጥሩ አስረጂ ሲያስረዳሽ ሁሉም ነገር ቀላል ይመስልሻል፤ ያ ቅለት የአንቺ ሳይሆን የእሱ ነው። ራስሽ ስትሠሪ ይከብድሻል፤ ሲከብድሽ ደግሞ አልገባኝም ትያለሽ።

ወንድምሽ ‹እያጠናሁ ነው› ሲል ከልቡ ሊሆን ይችላል ያልኩሽ ለዚህ ነው። ሁለት ሰዓት ጥሩ ጥሩ ቪዲዮ ካየ በኋላ የተማረ ይመስለዋል። ስሜቱ እውነተኛ ነው። ውጤቱ ከፍ አለማለቱ ደግሞ ሌላውን ይነግርሻል።

ቲክቶክን ብዙ ወላጅ ይረግመዋል። የእኔ ሐሳብ ትንሽ ይለያል። ቪዲዮው አጭር መሆኑ ችግር አይደለም። የኤዴክስን ቪዲዮዎች ተማሪዎች እንዴት እንደሚያዩ በሚሊዮን የሚቆጠር መረጃ ይዞ የመረመረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 ወጥቶ ነበር፤ ተማሪ በአማካይ አንድን ቪዲዮ የሚከታተለው ቢበዛ 6 ደቂቃ ነው የሚል። እኛም መምህራንን ‹አሳጥሩ› እያልን የምናሠለጥነው ለዚህ ነው። የቲክቶክ ችግር ከአጭሩ ቪዲዮ በኋላ የሚመጣው ነው። ስለ ኒውተን ሁለተኛ ሕግ ያየ ልጅ ቀጥሎ ማየት ያለበት ሦስተኛውን ሕግ ነው፣ ወይም አንድ መልመጃ መሥራት ነው። ቲክቶክ የሚያመጣለት ግን ጭፈራ፣ ከዚያ እግር ኳስ፣ ከዚያ የሰው ጠብ ነው። ቀጣዩን የሚመርጠው መተግበሪያው ነው፤ የሚመርጠውም ልጁን ስልኩ ላይ ለማቆየት ነው። ትምህርት ቅደም ተከተል ይፈልጋል። ስለዚህ ቲክቶክ ላይ ጥሩ መምህር ካገኘ ስሙን ይያዝና ዩቲዩብ ላይ በምዕራፍ የተደረደረውን ይፈልግ። በጥናት ሰዓት ቲክቶክ መከፈት የለበትም። በእረፍቱ ይክፈተው፤ ልጅ ነው፣ መዝናናትም አለበት።

ኤአይ ላይ ግን ጠንከር ብለሽ እንድትናገሪው እፈልጋለሁ፤ ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ቱርክ አገር ወደ አንድ ሺህ በሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። አጥኚዎቹ አብዛኞቹ ከአሜሪካው የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ተማሪዎቹ ሒሳብ ሲለማመዱ አንዱ ቡድን ቻትጂፒቲን የመሰለ ተራ ኤአይ ተሰጠው። ሌላው ቡድን መልሱን እንዳይናገር፣ ፍንጭ ብቻ እንዲሰጥ ተደርጎ የተዘጋጀ ኤአይ አገኘ። ሦስተኛው ቡድን ደብተርና መጽሐፍ ብቻ ነበረው። ልምምዱ ላይ ተራው ኤአይ የነበራቸው 48 ከመቶ የተሻለ ሠሩ። ፍንጭ ሰጪው የነበራቸው ደግሞ 127 ከመቶ። ቀጥሎ ኤአዩ ተወሰደና ሁሉም ብቻቸውን ተፈተኑ። ተራው ኤአይ የነበራቸው ልጆች ኤአይ ጨርሶ ካላዩት 17 ከመቶ ዝቅ አሉ። ፍንጭ ሰጪው የነበራቸው ግን ያን ያህል አልተጎዱም።

ወንድምሽ ብሔራዊ ፈተናውን ሲፈተን ስልኩ ከእሱ ጋር አይገባም። ዛሬ በኤአይ የሚሠራት እያንዳንዷ የቤት ሥራ ያን ቀን ወይ ትረዳዋለች ወይ ትከዳዋለች። ልዩነቱ የሚመጣው ከአጠያየቁ ነው። መጀመሪያ ወረቀት ላይ ራሱ ይሞክር፤ ቢሳሳትም እስከሚችለው ይሂድ። ከተጣበቀ በኋላ ‹እዚህ ድረስ ደርሻለሁ፤ መልሱን አትንገረኝ፤ ቀጣዩን እርምጃ ብቻ ጠቁመኝ› ብሎ ይጻፍ። ሲጨርስ ደግሞ ‹ይህን የመሰለ ሌላ ጥያቄ አውጣልኝ› ይበለው፤ ይህኛውን ያለ ምንም እርዳታ ይሥራ። እንዲህ ከተጠቀመበት በወር ስንት ብር የሚከፈልበት አስጠኚ ያህል ያገለግለዋል። ጥያቄውን ፎቶ አንስቶ መልሱን የሚገለብጥ ከሆነ ግን ኩረጃ ነው፤ የሚኮርጀውም ከማሽን ነው።

ኤአይ እንደሚሳሳትም ይወቅ። በልበ ሙሉነት ይሳሳታል፤ በአማርኛ ሲጠየቅ ደግሞ ስህተቱ ይበዛል። የመጨረሻው ዳኛ መጽሐፉና መምህሩ ናቸው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ከጅዳ ሆነሽ ምን ማድረግ ትችያለሽ?

ሰዓታችሁ አንድ ነው፤ የጅዳና የአሰላ ሰዓት አይለያይም። ለሥራሽ በሚመችሽ አንድ ቀን በኢሞ ወይም እዚያ በሚሠራልሽ ሌላ መተግበሪያ በቪዲዮ ደውዪለት። ‹አጠናህ ወይ?› ብለሽ አትጠይቂው። ‹አዎ› ይልሻል፤ በቃ። ‹በዚህ ሳምንት ከተማርከው አንዱን አስረዳኝ› በዪው። አንቺ ፊዚክስ ማወቅ የለብሽም። እንዲያውም አለማወቅሽ ይጠቅማል፤ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት የሚችለው የገባው ሰው ብቻ ነው። ‹ቆይ እሱን ልየው› ካለ፣ ወይም የእንግሊዝኛ ቃላት ብቻ ከደረደረ ገና አልገባውም። አትቆጪው። ‹እሺ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ተዘጋጅተህ ትነግረኛለህ› በዪው። እህቱ እንደምትሰማው ካወቀ ለዚያ ብሎ ያጠናል። ቅድም የሚጠብቅህ ሰው የለም ያልኩት ክፍተት በዚህ ይሞላል።

ከዚያ ደብተሩን ካሜራው ላይ ያሳይሽ። የምታዪው ንጽህናውን አይደለም። የተሰረዘ፣ የተሳሳተ፣ እንደገና የተሠራ ሒሳብ አለ ወይ? ካለ ደስ ይበልሽ። ስርዝ ድልዝ የሌለበት፣ ከላይ እስከ ታች ያማረ መልስ ብቻ ካየሽ የተገለበጠ ሊሆን ይችላል።

የእናታችሁም ድርሻ አለ። ስለ ኬሚስትሪ ምንም ባያውቁ ችግር የለውም። በየቀኑ ማታ ለአንድ ሰዓት ስልኩን እሳቸው ይያዙት። በዚያች ሰዓት ልጁ ቀን በስልክ ያየውን በወረቀት ይሠራል። ሰዓቱ ሲሞላ ይመልሱለታል። ይህን ቅጣት አታድርጉት፤ ከእሱም ጋር ተስማሙበት። በወር አንድ ሁለት ቅዳሜ ደግሞ ያለፈ ዓመት ፈተና አንዱን በትክክለኛው ሰዓት ይፈተን፤ ስልኩ እሳቸው ጋ ሆኖ። ውጤቱን ለአንቺ ይላክልሽ። ከውጤቱ በላይ የተሳሳተባቸውን ጥያቄዎች ጠይቂው፤ የሚቀጥለው ሳምንት ጥናት ከእነዚያ ይጀምራል። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ እየተማረ መሆን አለመሆኑን ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ጓደኞችም ይፈልጋል። በሺህ የሚቆጠር ሰው ያለበት ግሩፕ ሳይሆን፣ እዚያው አሰላ ውስጥ ያሉ ሦስት አራት የክፍሉ ልጆች። የራሳቸውን ትንሽ ግሩፕ ይክፈቱ። ያልገባውን ፎቶ ያንሳ፣ የገባው በድምፅ ያስረዳ። ከእነዚህ ሁሉ መሣሪያዎች እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ ሲያስረዱ የሚውሉ ልጆች ሳያውቁት ይማራሉ።

ስለ ገንዘብሽ ጥቂት ልበል። ቴሌግራሙ ውስጥ ቪዲዮና ፎቶ በራሱ እንዳያወርድ ማጥፋት ይቻላል፤ ሴቲንግ ገብቶ ዳታ የሚለው ጋ ያገኘዋል። የዩቲዩብን ቪዲዮ ጥራት 360ፒ ላይ ያድርገው፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው በደንብ ይታያል። እናም መጽሐፍቱንና ዋና ዋና ቪዲዮዎቹን አውርዶ ይያዝ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ቴሌግራም፣ ዩቲዩብ፣ ፌስቡክና ቲክቶክ አገር ውስጥ ተዘግተው እንደነበር ታስታውሺያለሽ። ያለ ቪፒኤን አይገባባቸውም ነበር። ጥናቱን ሁሉ በኢንተርኔት ላይ ያንጠለጠለ ተማሪ ያኔ ተንጠልጥሎ ነው የቀረው። የወረደ ፒዲኤፍና የወረቀት ደብተር ማንም አይዘጋቸውም።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ፈተና ሲቃረብ ‹የዘንድሮው ፈተና መልስ እጃችን ገብቷል› የሚሉ ቻናሎች ይፈላሉ። በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛ ፈተና ሾልኮ ወጥቶ ፈተናው በመሰረዙ ሰዉ ዛሬም ያምናቸዋል። ገንዘብ አስልከው ይጠፋሉ፤ ወይም ያለፈ ዓመት ፈተና ቀን ቀይረው ይልካሉ። ወንድምሽ 12ኛ ክፍል ሲደርስ በድንገት ‹ለቲቶሪያል› ብሎ ጠቀም ያለ ብር ከጠየቀሽ ለማን፣ የት፣ ስንት ቀን እንደሆነ ጠይቂው። እሱን ተጠራጥሬ አይደለም። የተጨነቀ ልጅ ማንንም ያምናል።

ላፕቶፑስ? አሁን አትግዢ። የ11ኛ ክፍል ትምህርት በስልክና በደብተር ይጠናል። እስካሁን የጎደለው መሣሪያ አይደለም፤ ሁለተኛ ስክሪን ሲጨመር ሁለተኛ መዘናጊያም ሊጨመር ይችላል። እርግጥ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ ፈተናው በኮምፒውተርም መሰጠት ጀምሯል፤ በኮምፒውተር የሚፈተነውም ሰው እየጨመረ ሄዷል። ስለዚህ ማውዝ መያዝ፣ ረጅም ጥያቄ ስክሪን ላይ ማንበብ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ መልስ ማስተካከል መልመድ አለበት። ለዚህ የትምህርት ቤቱ አይሲቲ ክፍል ወይም ኢንተርኔት ቤት ይበቃል፤ ጥቂት ቅዳሜዎች ሄዶ ሞዴል ፈተና ይሥራ።

ላፕቶፑን የፈለገው ኮዲንግ ለመማር ከሆነ ግን ሌላ ወሬ ነው፤ ያን ጠይቂው። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ኢትዮጵያና የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች የጀመሩት የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም በነፃ ያስተምራል፦ ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስ፣ አንድሮይድ፣ ኤአይ። ምዝገባው በስልክም ይሆናል። በስልኩ የመጀመሪያውን ኮርስ እስከ መጨረሻው ይማር፤ ሰርተፊኬቱን ይላክልሽ። ያን ካደረገ በእርግጥ እንደሚፈልገው ታውቂያለሽ፤ ያኔ ግዢለት። አዲስ መሆን የለበትም፤ 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ለጀማሪ ይበቃዋል። ከጅዳ ይዞለት የሚሄድ ሰው ካገኘሽ ባትሪውንና ቻርጀሩን ሳታስሞክሪ አትቀበዪ።